ከማንጎው በታች ያለው መሬት

ቤልሞንት፣ ፖርት ኦፍ ስፔን
ማርች 6 ቀን 1972

ለተወደድሽው እህቴ ለሜልቪና፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የደረቀ ዓሣና የአተር ከረጢት ካፒቴን ዜፍሪን ባለፈው ማክሰኞ ደጄ ድረስ ይዞልኝ መጣ። የዓሣውን ግማሽ መንገድ ላይ ሳይበላው አልቀረም። "ባሕር ላይ ዓሣ ይሟሽሻል" አለኝ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። አርባ ዓመት ዓሣ ሲላክልኝ አንድም ቀን ሳይሟሽሽ ደርሶኝ አያውቅም።

መልስ ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንድፈርምበት ስለላክሽልኝ የመሬት ሽያጭ ወረቀት ነገር፣ አልጠፋም፣ አልቀደድኩትም፣ ሻይም አልደፋሁበትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከጡረታ ደብተሬ ጋር ተቀምጧል። ግን ምን አስቸኮለሽ? አባባ መሬቱን በቃሉ ሲያካፍለን፣ እትብቴ ከተቀበረበት ማንጎ በታች እስከ ባሕሩ የኔ፣ ከማንጎው በላይ እስከ ቤቱ ያንቺ አለ። የኔን ሎሚ ይህን ሁሉ ዓመት አንቺ ስትለቅሚ አንድ ቀን "ድርሻዬስ?" ብዬሻለሁ? አላልኩም። ታዲያ አሁን ፊቱን ፀሐይ የላጠው አንድ ባለ ጀልባ ነጭ "ከባሕሩ ዳር ቤት ልሥራ" ስላለ በአንድ ጀንበር መፈረም አለብኝ?

ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላው እጅ ከመፈረሙ በፊት ማሰብ ይወዳል።

በጉብታው ቤት የሚጦሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደህና ናቸው? ኃላፊያቸው ሚስ ኤኖ ስለ እኔ የነገረችሽ ነገር አለ? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የጠየቅኩሽ። እማማን ሦስት ዓመት ያስታመመች ሴት ናትና ሰላም በይልኝ። ብዙ ግን አታስቁሚያት፤ ሥራ ይበዛባታል።

የምታስብልሽ እህትሽ
ኢያንቴ


ሞርን ሮዝ፣ ካሪያኩ
ኤፕሪል 11 ቀን 1972

ለእትዬ ኢያንቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበቴን ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። ውሃ ከሩቅ እየተሸከምኩ እስካመጣሁ ድረስ አይድንም። የውሃ ማጠራቀሚያችን ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል። ዝናብ ሲዘንብ በላዩ ይገባል፣ በታቹ ይወጣል። እኔ ደግሞ በስልሳ አንድ ዓመቴ ባልዲ በራሴ ላይ አድርጌ ዳገት እወጣለሁ።

ሦስት ጊዜ ጻፍኩልሽ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዓሣ መለስሽልኝ።

ሰውዬው የሚፈልገው ዳር ላይ ያለችውን ቁራሽ ነው እንጂ ሎሚዎቹን አይደለም። በእሷ ዋጋ የድንጋይ ቤትና የማያፈስ ማጠራቀሚያ ይኖረኛል። አንቺም ስትመጪ የምታርፊበት ክፍል ይኖርሻል፣ ከመጣሽ። የከተማው ጠበቃ "መሬቱ የሁለታችሁ ነው፤ እህትሽ ካልፈረመች አንዲት ጠጠር መሸጥ አትችይም" አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሌላ መንገድም እንዳለ ነገረኝ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ወደዚያ መንገድ እንዳልሄድ አድርጊኝ፣ እባክሽ። እፈርማለሁ ካልሽ ፈርሚ፣ አልፈርምም ካልሽም በይኝና ልወቀው።

ሚስ ኤኖ ስለ አንቺ የነገረችኝ ነገር የለም። ምን እንድትነግረኝ ነበር?

ሜልቪና


ቤልሞንት፣ ፖርት ኦፍ ስፔን
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1972

ለእህቴ ለሜልቪና፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከመሞቴ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

መሞቴን የሰማሁት ሰኞ ዕለት ነው። ሰሃን እያጠብኩ ሳለ ፖስተኛው በሩን አንኳኳ። ፖስታው ላይ "ለሟቿ ለወይዘሮ ኢያንቴ ቤተሰብ" ይላል።

"እማማ፣ በጣም አዝናለሁ" አለኝ ባርኔጣውን አውልቆ። "ማን ሞተባችሁ?"

"እኔ" አልኩት።

ፖስታውን አየ፣ እኔን አየ። "እንግዲያውስ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" አለና እስኪርብቶ አቀበለኝ። ላንቺ የነፈግኩሽን ፊርማ ለገዛ ሞቴ ፈረምኩ።

የሚስ ኤኖ የሐዘን መግለጫ ነው። በጉብታው ቤት ጸሎት ተደርጎልኛል። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ሳይቀር ተነሥቶ ዘምሮልኛል። ደግ፣ ትሑት፣ አርቆ አሳቢ ነበርኩ አሉ። በሕይወቴ እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም።

ስህተት ይሆናል ብዬ ረቡዕ ወደብ ወረድኩ። ካፒቴን ዜፍሪን ከሩቅ ሲያየኝ አማተበ። ቀረብ አለና ክንዴን ቆነጠጠኝ።

"ኢያንቴ! አንቺ ራስሽ ነሽ?"

"እኔ ነኛ፣ አንተ ዓሣ በላ!"

"የሙታን ሳህንሽን እኮ በልቻለሁ!" አለኝ ክንዴን ሳይለቅ። "እህትሽ የበቆሎ ገንፎውን አገንፍታ፣ ሩዙን በእጇ አድቦልቡላ፣ በግ አሳርዳ፣ ለሙታን ነፍስ በሚቀርበው ማዕድ ላይ ከእናትሽ ሳህን ጎን ያንቺን ዘረጋች። እንዴት እንዳለቀሰች ብታዪ! እኛም አለቀስን። እኔማ ለሦስት ቀን አልጠጣሁም።"

ዜፍሪን ሦስት ቀን ሳይጠጣ ከዋለ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው።

ሜልቪና፣ በቁሙ ላለ ሰው የሙታን ሳህን ይዘረጋል? ያውም በእማማ ጎን? ተናደድኩ ብልሽ አይገልጸውም። ሌሊቱን ሁሉ እጄን በእጄ ይዤ አደርኩ፣ መኖሬን እንዳረጋግጥ። ልጅ ሆነን ኩፍኝ ሲይዝሽ ካንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ አብሬሽ እንድታመም ብዬ። ያቺን እህትሽን ነው ሞታለች ያልሽው።

በምን በሽታ ነው የገደልሽኝ? ይህን የማወቅ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ሚስ ኤኖ ሌላም ሌላም ጽፋለች። ስለዚያ መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ።

ኢያንቴ


ሞርን ሮዝ፣ ካሪያኩ
ኦክቶበር 2 ቀን 1972

ለእትዬ ኢያንቴ፤

በልብ ድካም ነው። በእንቅልፍሽ ላይ። አላሠቃየሁሽም።

የጠበቃው ሌላ መንገድ ይኸው ነበር። "በመሬቱ ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሌላ ወራሽ በሕይወት የለም ብለሽ ከማልሽ ርስቱ በስምሽ ይወጣል" አለኝ። "ወረቀት ነው፣ ወረቀት ሰው አይገድልም" አለኝ። መጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ እህቴ በምትኖርበት በትሪኒዳድ ሞታለች ብዬ ማልኩ። እኔ ወረቀቱ ላይ ብቻ ሞተሽ የምትቀሪ መስሎኝ ነበር። ለካ ማስታወቂያው የፍርድ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። በማግሥቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ የሞርን ሮዝ ሴቶች ዱቄትና ስኳር ይዘው ግቢዬን ሞሉት። "ሜልቪና፣ ምነው ደበቅሽን?" እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። ምን ልበላቸው? "ተመለሱ፣ የዋሸሁት ለዳኛው ነው እንጂ ለናንተ አይደለም" ልበል? አለቀስኩ። መጀመሪያ ለይምሰል ነበር፣ በኋላ ግን የእውነት መጣብኝና ማቆም አቃተኝ።

በዚያው ሳምንት እማማ በሕልሜ መጣች። "ሳህኔ የታለ?" አለችኝ። እዚህ ደግሞ ሙት በሕልም መጥቶ ምግብ ከጠየቀ ዝም እንደማይባል አንቺም አትረሺም። ለእሷ ብቻ ብዘረጋና ያንቺን ብተው አገር ምን ይለኛል? ሁለት ሳህን አደረግኩ። በድያለሁ። ይቅርታሽን በእግርሽ ወድቄ እለምናለሁ።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚኝ።

ለቅሶው ሳይበተን ሚስ ኤኖ ጥቁር ለብሳ መጣች። ወንበር ሰጠኋት።

"ሜልቪና፣ እህትሽ ቅድስት ነበረች" አለችኝ።

"እንዴት?"

"ከማንጎው በታች ያለውን መሬት ለጉብታው ቤት ሰጥታለች። በሕይወት እስካለች የራሷ ነበር፤ ስትሞት የቤቱ እንዲሆን ነው የፈረመችው። አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ሎሚውና ግጦሹ ለዘላለም ለሽማግሌዎቹ ምሳ ይሆናል። እንዲህ የሚሰጡትን የነገ ሰጪዎች እንላቸዋለን፣ ስማቸውም በየወሩ በጸሎት ላይ ይነበባል። እሷ ግን 'የኔ እንዳይነበብ፣ እህቴ እንዳትሰማ' ብላ ስለለመነችን ነው ያልነገርንሽ።"

"መቼ ነው የፈረመችው?"

"በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስምንት።"

አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ ስለ ጉልበቴ እየጠየቅሽኝ፣ ዓሣዬን እየበላሽ፣ መሬቱን ከሥሬ አውጥተሽ ሰጥተሻል። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ፊርማ እለምንሻለሁ። ጠበቃው ጋ ሮጥኩ። ሳቀብኝ፣ እትዬ። "ሕያው ብትሆን ኖሮ ቤቱ ዛሬ ምንም አይጠይቅሽም ነበር፤ መሞቷን ያስመዘገብሽው ራስሽ ነሽ" አለኝ።

ለምን ሰጠሻቸው? እማማን ስላጠቡ? እነሱ ያጠቧት ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ያጠብኳት እኔ ነኝ። ወገቤ ተሰብሮ በየቀኑ ማንሣት ሲያቅተኝ ነው ወደ ጉብታው የወሰድኳት፣ ያንንም ዳገት ተሸክሜያት ነው የወጣሁት። ለእኔ ምን ሰጠሽ? በገና የጨርቅ ኮፍያ።

እኔ በወረቀት ገደልኩሽ። አንቺ ግን በቁሜ እንደሌለሁ ቆጠርሽኝ። የማን እንደሚብስ አንቺው ፍረጂ።

ሜልቪና


ቤልሞንት፣ ፖርት ኦፍ ስፔን
ኦክቶበር 21 ቀን 1972

ለእህቴ ለሜልቪና፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ልቀደው ነበር፣ በሁለተኛው ተሳደብኩ፣ በሦስተኛው አለቀስኩ። የብሶትሽን እውነት ልክድሽ አልችልም።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሰው እናት ሳጥብ ኖርኩ። የማላውቃቸውን አሮጊቶች ጀርባ እያሸሁ "የእኔዋን ማን ያሽላት ይሆን?" እል ነበር። የምታሺላት አንቺ እንደነበርሽ እያወቅኩ መልሱን አንድ ቀን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። እማማ ስትሞት ሚስ ኤኖ በእጇ ዓይኗን እንደከደነች ጻፈችልኝ። ያን ቀን ዕዳ ያለብኝ መሰለኝ፣ ያለኝ ነገር ደግሞ ያ መሬት ብቻ ነበር። ከኔ በኋላ ለብዙ እናቶች ይሁን ብዬ ፈረምኩ። ደስም አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካለሁበት ሳልነሣ ዳገቱን እስከ ጉብታው የወጣሁ መሰለኝ፣ በነጻ።

ላንቺ ያልነገርኩሽ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ታላቅሽ ነኝና ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ፤ ስሞት ደግሞ ማንጎው ሥር ቆመሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ያንን ሳስበው ገጹን ገልብጬ ሌላ ወሬ እጀምር ነበር። ስለ ዓሣ እጽፍልሽ የነበረው ለዚህ ነው። በድየሻለሁ፣ እህቴ። አሥራ አንዱን ዓመት ሳልቆጥር ሦስቱን ቆጠርኩ።

እንግዲህ የወሰንኩት ይህ ነው። ኖቬምበር 30 ቀን፣ ሐሙስ፣ በዜፍሪን ጀልባ እመጣለሁ። ዳኛው ፊት በሁለት እግሬ እቆማለሁ። እንዳያስርሽ፣ የመሞቴ ወሬ የቴሌግራም ስህተት ነው እንላለን። ሚስ ኤኖ ወረቀቱን እንድትመልስልኝ እለምናታለሁ፤ ትከፋብኛለች፣ ሽማግሌዎቹም ይከፋሉ፣ እችለዋለሁ። ከዚያ ያንቺን እፈርምልሻለሁ። ለጉብታው ቤት የምሰጠው ሌላ ነገር እስክሞት ድረስ እፈልጋለሁ።

ከመሳፈሬ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ሚስ ኤኖ በሐዘን ደብዳቤዋ ላይ እንዲህ ትላለች፦ "እናታቸው ጀልባ በሚመጣበት ቀን ሁሉ 'ከኢያንቴ ደብዳቤ አለ?' እያሉ ይጠይቁ ነበር። እህታቸው ሜልቪና 'ዛሬ የለም' ስትላቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ።" ይህ ምን ማለት ነው? በእነዚያ ሦስት ዓመታት ለእማማ አሥራ አራት ደብዳቤ በአንቺ በኩል ልኬያለሁ፤ ማንበብ ስለማትችል እንድታነቢላት። የመጨረሻው ገና ላይ የጻፍኩት ነው። ስላልመጣሁ ይቅር እንድትለኝ የለመንኩበት። ሚስ ኤኖ ከሌላ ሰው ጋር አምታትታው ይሆናል። ያንን ደብዳቤ ስታነቢላት ምን አለች? ቃሏን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላው ሁሉ ይቅር ይባላል።

ኢያንቴ


ሞርን ሮዝ፣ ካሪያኩ
ኖቬምበር 12 ቀን 1972

ለእትዬ ኢያንቴ፤

እመጣለሁ ያልሽበትን መስመር እያነበብኩ ግቢው መሃል ተቀመጥኩ። አልጋውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አውጥቻለሁ። የጉብታው ቤት ሰዎች የወይራ ችካል ቆርጠው ጨርሰዋል፤ ከማንጎው ጀምረው እስከ ባሕሩ የሚያጥሩት ሰኞ ዲሴምበር 4 ቀን ነው። ሐሙስ ከተሳፈርሽ ዓርብ እዚህ ነሽ፣ ትደርሻለሽ። ዳኛው አንቺን ካየ እንጨቷ አትተከልም።

ይህን ብቻ ጽፌ ፖስታውን ልዘጋ ነበር። ሁለት ቀን እንደዚያው አስቀመጥኩት። በሐሰት ከማልኩ ወዲህ ሁለተኛ ውሸት መሸከም አልችልም።

ሚስ ኤኖ አላምታታችም።

አላነበብኩላትም። አሥራ አራቱንም። ጀልባ ሲመጣ ዳገቱን ወጥቼ "ዛሬ የለም" እላት ነበር። ምክንያቱን ከጠየቅሽኝ እኔም በደንብ አላውቀውም። እያጠብኳት አንቺን ትጠራ ነበር፣ እትዬ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባዋን እያሸሁ "ኢያንቴ፣ ቀስ በይ" ትለኛለች። "እኔ ሜልቪና ነኝ" እላታለሁ። "እሺ ኢያንቴ" ትለኛለች። ጉብታው ላይ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲመጣ፣ ይህንን ካነበብኩላት ለእኔ ምንም አይተርፍም ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ላቆየው አልኩ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ከዚያ መመለስ አፈርኩ።

ስትሞት ቃሏ "ረሳችኝ" ነው። ቃሏን ብቻ ጻፊልኝ ስላልሽኝ ጻፍኩልሽ።

የገናውን ደብዳቤ አያይዤልሻለሁ። አልከፈትኩትም። ሌሎቹን ከፍቼ አንብቤያለሁ፣ ይህንን ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ይቅር አትበይኝ፣ ብቻ ነይ። መሬቱ ከሄደ ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለከንቱ ነው።

እህትሽ
ሜልቪና


ቤልሞንት፣ ፖርት ኦፍ ስፔን
ኖቬምበር 27 ቀን 1972

ለወይዘሮ ሜልቪና፤

የላኩልኝ ፖስታ ደርሶኛል። የገና ደብዳቤው እንደተዘጋ ነው፤ እኔም አልከፈትኩትም። የተጻፈው ለእናቴ ስለሆነ።

"እርስዎ" ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። "አንቺ" ልል ሦስት ጊዜ ጀምሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ለዳኛው የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ተኩሼ ነበር። መሐላውን ይቅር ብዬ ነበር፣ ሳህኑንም፣ ለቅሶውንም፤ በእነዚህማ የገደሉት እኔን ብቻ ነው፣ እኔም ጥፋት ነበረብኝ። አሁን ግን አንዲት አሮጊት ግድግዳ ፊት ለፊት ሦስት ዓመት ስትጠብቅ ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች። በየጀልባው ቀን ትጠይቃለች። ደብዳቤው ደግሞ ከዳገቱ ሥር፣ በእርስዎ ቤት፣ ምናልባት በሌማቱ ሥር አለ። እኔ እዚህ የሚያነቡላት እየመሰለኝ ሳስቃት፣ ስቀልድላት፣ ስለ ዜፍሪን ሳወራት ነበር። ሁሉንም ለእርስዎ ነበር የምጽፈው ማለት ነው።

አልቅሻለሁ። ጎረቤቶቼ "ማን ሞተ?" ብለው መጡ። እናቴ አልኳቸው። "አምስት ዓመት ሆናት አላልሽንም?" አሉ። አሁን ገና መስማቴ ነው አልኳቸው።

አሥራ አንድ ዓመት ስላጠቧት አመሰግናለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ማንም አይወስድብዎትም። መሬቱን ግን ሦስት ዓመት ያጠቧት ይውሰዱት።

ሐሙስ አልሳፈርም። ለዜፍሪን ነግሬዋለሁ፤ ለማንም እንዳይተነፍስም አስምዬዋለሁ፣ በሚበላው ዓሣ። ለሚስ ኤኖ አልጽፍም፣ ለዳኛውም አልጽፍም። እርስዎ መጽሐፍ ላይ እጅዎን ጭነው ያስመዘገቡት ነገር በእኔ አይፈርስም። ማንጎዬን፣ የእናቴን መቃብርና የአገሬን ዳርቻ ዳግመኛ እንደማላያቸው አውቃለሁ። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፣ ያማል፣ ግን ወስኛለሁ።

ሰኞ አጥሩን ሊያጥሩ የሚመጡት ሰዎች ከጉብታው በፀሐይ ነው የሚወርዱት። የሚጠጣ ውሃ ያዘጋጁላቸው፣ ሥራው እስኪያልቅም ጥላ ሥር ያስቀምጧቸው። ያቺ በትሪኒዳድ ትኖር የነበረችው እህትዎ በሕይወት ብትኖር እሷም ይህንኑ ትልዎት ነበር።